የአሮጌ ቮልስዋገን ጎማ እንዴት ይታሰራል? እንዴትስ ይመዛዘናል?

በየካ ክፍለ ከተማ ዳገትና በእንጦጦ ቁልቁለት ለሚነዳ ተሽከርካሪ በሚገባ ያልታሰረ ጎማ የሕይወት አደጋ ነው። በመዲናዋ ዛሬም የሚታዩት አሮጌ ቮልስዋገኖች የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ።

የቮልስዋገን ጎማ የሚታሰረው በዳዶ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ፍሬኑ ታምቡር በሚገባ ብሎን ነው። የፋብሪካው ብሎን አንገት ድቡልቡል ሲሆን፣ ብዙ ምትክ ቸርኬዎች ግን ሾጣጣ መቀመጫ አላቸው። ሁለቱ ካልተጣጣሙ ብሎኑ የጠበቀ መስሎ በመንገድ ላይ ይላላል።

ከመግጠም በፊት በቸርኬውና በታምቡሩ መገናኛ ያለው ዝገትና ጭቃ መጠረግ አለበት። ብሎኖቹ በእጅ ተጀምረው፣ በተርታ ሳይሆን ከአንዱ ወደ ትይዩው እየተሻገሩ ይጠበቃሉ። የመጨረሻው ማጥበቅ የሚከናወነው መኪናው ከክሪክ ወርዶ ነው። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላም ዳግም መፈተሽ ይገባል።

ሚዛኑ የተዛባ ጎማ መኪናውን ያንቀጠቅጣል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚያናውጠው ኃይል አራት እጥፍ ይደርሳል። ንዝረቱ በመሪው ከተሰማ የፊቱን፣ በመቀመጫው ከተሰማ የኋላውን ጎማ ማስመርመር ይበጃል። ጎሚስታው ጎማውን በማሽን አሽከርክሮ በቀለለው ጎን ማመዛዘኛ ክብደት ያደርግበታል። ጎማ በተለወጠ ቁጥር ይህ ይደገማል።

የአርሶ አደሩን ምርት ወደ ገበያ የሚያወርዱ ፒክአፖችም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል።