አማካሪው የዕድራችን አባል ሲሆን

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲመሠረት በአንድ አስተዳደር ሥር ገብተዋል። በየሠፈሩ ያለው ኑሮ ግን አሁንም ሰው ከሰው የሚተዋወቅበት ነው። ከአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ሸሽቶ የመጣው፣ እዚያው ተወልዶ ያደገው፣ ለፋብሪካ ሥራ ከሩቅ አገር የወረደው በአንድ ዕድር ይመዘገባል፤ በአንድ የታክሲ ወረፋ ይቆማል። እንዲህ ባለ ስፍራ የምክር ክፍል የከፈተ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ማክሰኞ ከሰዓት ስለ ትዳሯ ስታለቅስ የሰማትን ሴት ቅዳሜ በልቅሶ ድንኳን ውስጥ ሊያገኛት ይችላል። ባሏም አጠገቡ ተቀምጦ ይሆናል።

የሙያው የሥነ ምግባር ደንቦች፣ አማካሪ ከተመካሪው ጋር ምክሩን ሊያበላሽ የሚችል ሌላ ግንኙነት እንዳይኖረው ያዝዛሉ። ሁሉም በሚተዋወቅበት ሠፈር ይህ እንዴት ይሆናል? መልሱን ለማግኘት፣ ደንቡ የቆመለትን ነገር ቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። ደንቡ የሚጠብቀው ሕክምናው የሚሠራበትን መሣሪያ ነው። መሣሪያውም በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለው ግንኙነት ነው።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ካርል ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰው በምክር እንዲለወጥ ከሚያስፈልጉት ነገሮች ዋነኞቹ የአማካሪው እውነተኛነት፣ ሳይፈርድ መቀበሉና የሌላውን ስሜት መረዳቱ እንደሆኑ ተከራክሮ ነበር። ኤድዋርድ ቦርዲን በ1979 ነገሩን ወደሚለካ መልክ አመጣው። እርሱ የሥራ ቁርኝት ያለው ሦስት ነገሮችን ይይዛል፤ ሁለቱ ሰዎች ወዴት እንደሚሄዱ መስማማታቸው፣ በየቀጠሮው ምን እንደሚሠሩ መስማማታቸው፣ በመካከላቸውም መተማመን መኖሩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተመራማሪዎች ይህን ቁርኝት በመጠይቅ ለክተውታል። እ.ኤ.አ. በ2018 ክሪስቶፍ ፍሉኪገርና ባልደረቦቹ 295 ጥናቶችን፣ ከ30,000 በላይ ታካሚዎችን በአንድ ላይ ሲመረምሩ፣ በታካሚዎች ውጤት መካከል ካለው ልዩነት 8 በመቶ ያህሉ ከቁርኝቱ ጥንካሬ ጋር እንደሚሄድ አገኙ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የሰው መዳን በሕመሙ ክብደት፣ በኑሮው፣ በዘመዶቹና በሌላም ብዙ ነገር ላይ የተመሠረተ ነው። ከዚህ ሁሉ መካከል አንድ ነገር ብቻውን ይህን ያህል ድርሻ መያዙ፣ ያውም በተለያዩ የሕክምና ዘዴዎች ሁሉ መታየቱ፣ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

የቦርዲን ሐሳብ ወደ እኛ ሲመጣ አንድ እንቅፋት ይገጥመዋል፤ ይሉኝታ። ወጣት አማካሪ ፊት የተቀመጡ እናትን እናስብ። ልጁን «ዶክተር» ይሉታል፤ ያከብሩታል፤ «ምን ላድርግ ልጄ? አንተ ንገረኝ» ይሉታል። የነገራቸው ነገር ባይረዳቸውም በሚቀጥለው ቀጠሮ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ይመለሳሉ፤ ከዚያም ይቀራሉ። እርሱ የዳኑ መስሎት ይሆናል። ጄረሚ ሳፍራንና ክሪስቶፈር ሙራን ለረጅም ዓመታት ያጠኑት ይህንን የመሰለ ስንጥቅ ነው። በግንኙነቱ ውስጥ የተፈጠረው ቅሬታ በጊዜው ሲነሣና ሲጠገን፣ ሕክምናው የተሻለ ውጤት እንደሚኖረው ጥናቶች አሳይተዋል። እንግዲህ እኛ ዘንድ ተመካሪው ራሱ ቅሬታውን እስኪያነሣ የሚጠብቅ አማካሪ ብዙውን ሳይሰማ ይቀራል። «ባለፈው ካወራነው ውስጥ ያልተመቸዎት ምን ነበር?» ብሎ መጠየቅ አለበት። «ተመችቶዎታል?» ካለ ግን የሚያገኘው መልስ አስቀድሞ የታወቀ ነው።

የኃይል ሚዛኑም መታየት አለበት። አንዱ የውስጡን ሁሉ ይናገራል፤ ሌላው ስለ ራሱ ብዙም አይናገርም። ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1915 እንደጻፈው፣ ታካሚ በሕክምናው መካከል ሐኪሙን ወደደ ማለት፣ ሐኪሙ ለራሱ ማንነት የተሰጠ አድርጎ የሚቀበለው ፍቅር አይደለም፤ ሕክምናው የቀሰቀሰው ስሜት ነው። ስለዚህ የፍቅርና የወሲብ ግንኙነት ክልክል ነው። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ሕክምናው ካበቃ በኋላ ቢያንስ ለ2 ዓመት፣ የአሜሪካ አማካሪዎች ማኅበር ደግሞ ለ5 ዓመት ይከለክላል። ከዚያም በኋላ ቢሆን ጉዳት አለመኖሩን የማስረዳት ኃላፊነት የባለሙያው ነው። በእኔ እምነት በዚህ ነገር ላይ የአገር ባህል፣ የሠፈር ትንሽነት ወይም «እርሷም ፈቅዳ ነው» የሚል ምክንያት ቦታ ሊሰጠው አይገባም።

ሌላው ግን እንዲህ ጥቁርና ነጭ አይደለም። ቶማስ ጉትሄልና ግሌን ጋባርድ የተባሉ የአእምሮ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1993 ድንበር መሻገርን ድንበር ከመጣስ ለይተዋል። መሻገር ከተለመደው አሠራር መውጣት ነው፤ ሊጠቅምም ይችላል። መጣስ ተመካሪውን የሚጎዳ ነው። በዚህ ሚዛን የልቅሶውን ጉዳይ እንየው። የተመካሪዋ እናት ሞተው አማካሪው ሳይደርስ ቢቀር፣ በእኛ አገር ይህ የባለሙያ ጥንቃቄ ተብሎ አይወሰድም፤ ጭካኔ ነው። ሄዶ «እግዜር ያጥናሽ» ብሎ፣ ከሌላው ለቀስተኛ ጋር ጥቂት ተቀምጦ ቢመለስ መሻገር ነው፤ ማንንም አይጎዳም። ለፋሲካ የመጣ አሥር እንቁላልም እንደዚሁ። የአሜሪካ አማካሪዎች ደንብ ራሱ፣ በአንዳንድ ባህል ትንሽ ስጦታ የአክብሮት ምልክት መሆኑን ያውቃል። አብሮ ዕቁብ መግባት ግን ሌላ ነገር ነው። ዕጣው ለአንዱ ቀድሞ ሲወጣ፣ አንዱ መክፈል ሲያቅተው፣ ገንዘቡ ወደ ምክር ክፍሉ ይገባል። ብድር፣ ኪራይ፣ «ልጄን ሥራ አስገባልኝ» የሚለው ሁሉ ከዚሁ ይመደባል፤ ተመካሪው የልቡን ለመናገር ነፃነቱን ያጣልና።

መቀራረብ በራሱ ክፉ እንዳልሆነ የሐራሬ ልምድ ያስረዳል። በዚምባብዌ ዲክሰን ቺባንዳ የጀመረው የወዳጅነት አግዳሚ የሚባል ፕሮግራም፣ በዚያው ሠፈር የሚኖሩ ሴት አያቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያ ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ምክር እንዲሰጡ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው፣ 573 ሰዎች የተሳተፉበት ሙከራ፣ የተመከሩት ሰዎች የጭንቀትና የድብርት ምልክት ከሌሎቹ በግልጽ ቀንሶ እንደተገኘ አሳይቷል። አያቶቹ ጎረቤቶች ነበሩ፤ ግን ሠልጥነዋል፤ የሚቆጣጠራቸውም ባለሙያ ነበራቸው።

በሦስቱ ከተሞች በጣም የሚያሳስበኝ ምስጢር ነው። በሰበታ ማየት የተሳናቸውን ልጆች ለብዙ አሠርት ዓመታት ሲያስተምር የኖረው መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት አለ። ማየት የተሳናት ወጣት ለምክር ስትመጣ የስምምነት ወረቀቱን ማን ያነብላታል? መንገድ የመራት ዘመድ ክፍሉ ውስጥ ይቀመጣል ወይስ ውጭ ይጠብቃል? ይህን መወሰን ያለባት እርሷ ናት፤ የምትጠየቀውም ዘመዱ በሌለበት ነው። ወረቀቱም በብሬል ወይም በድምፅ መቅረብ አለበት። በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ መካከል የሚያስተረጉም ሰው ሲያስፈልግም ችግሩ ያው ነው። የጎረቤት ልጅ ቢያስተረጉም ነገሩ በሁለት ቋንቋ ይዛመታል።

ወደ ሱሉልታ ስንወጣ ጥያቄው መልኩን ይለውጣል። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር በሚጠጋው በዚያ ሜዳ፣ ቀነኒሳ በቀለ የሩጫ መም ባሠራበት አካባቢ፣ ብዙ ወጣት አትሌቶች ይለማመዳሉ። የምክሩን ሒሳብ የሚከፍለው ማናጀሩ ወይም አሠልጣኙ ቢሆን፣ «ልጁ ለውድድሩ ይደርሳል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ አማካሪው ምን ይመልሳል? በሰበታ ለሠራተኞቹ አማካሪ የቀጠረ ፋብሪካም ያንኑ ሊጠይቅ ይችላል። ከፋዩ ሌላ ቢሆንም ምስጢሩ የተናጋሪው ነው። ለከፋዩ የሚደርሰው መረጃ ምን ያህል እንደሆነ ከመጀመሪያው ቀን በፊት በጽሑፍ ካልተለየ፣ ኋላ የሚጎዳው ተመካሪው ነው።

ሕጉም ዝም አላለም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399፣ ሐኪምንና ጠበቃን የመሳሰሉ ባለሙያዎች በሥራቸው ያወቁትን ምስጢር ቢገልጡ በወንጀል ይጠይቃል። ምስጢር ግን ዳርቻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1969 በካሊፎርኒያ ታቲያና ታራሶፍ የተባለች ተማሪ ተገደለች። ገዳዩ ሐሳቡን አስቀድሞ ለሥነ ልቦና ባለሙያው ነግሮት ነበር። ባለሙያው ለዩኒቨርሲቲው ፖሊስ አሳወቀ፤ እርሷን ግን ያስጠነቀቃት አልነበረም። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976፣ ባለሙያ አደጋ የተደቀነበትን ሰው ለመጠበቅ ተገቢውን የማድረግ ግዴታ እንዳለበት ወሰነ። ውሳኔው እኛን አይገዛንም። ሆኖም ተመካሪ፣ ሕይወት ላይ አደጋ ሲመጣ ምስጢሩ እንደሚከፈት አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ከተናገረ በኋላ መስማቱ ክህደት ይሆንበታል።

ብዙውን ነገር የሚያስተካክለው የመጀመሪያው ቀጠሮ ነው። «መንገድ ላይ ብንገናኝ እርስዎ ካልቀደሙኝ ሰላም አልልዎትም፤ ንቄዎት አይምሰልዎ» ማለት ሰላምታ መንሳት ነውር በሆነበት አገር የግድ ነው። «ዕድራችን አንድ ነው፤ ይህ ቢከብድዎት ወደ ሌላ ባለሙያ ልልክዎት እችላለሁ» ማለትም እንዲሁ። የሚላክበት ሌላ ሰው በቅርብ ላይኖር ይችላል፤ ያኔ ምርጫው ለተመካሪው በግልጽ ይቀርብለታል።

ብቻውን የሚሠራ አማካሪ በእነዚህ ጉዳዮች ላይ ራሱን ብቻ ዳኛ ቢያደርግ ይሳሳታል፤ ስሕተቱንም የሚያሳየው ሰው አይኖርም። ሦስቱም ከተሞች ለአዲስ አበባ ቅርብ ናቸው። በዚያና በዚህ የሚሠሩ ባለሙያዎች በቋሚነት እየተገናኙ የከበዳቸውን ጉዳይ የባለቤቱን ስም፣ ሠፈርና ሥራ ሳይጠሩ ሊመካከሩበት ይችላሉ። ተመካሪውም በዚያው በመጀመሪያው ቀን ይህን ሰምቶ መስማማት አለበት።