ለጠባቂ ውሻ የሚሆን ምግብና ማባበያ፤ ምን እንስጥ? ምን እንከልክል?

እንደሚታወቀው በአገራችን ውሻ የሌለው የገበሬ ግቢ ጥቂት ነው። ውሻ ሌሊት በረቱንና ጎተራውን ይጠብቃል፤ ቀን ከእረኛው ጋር ይውላል። ይሁን እንጂ ለላሟ ድርቆሽ፣ ለዶሮዋ ጥሬ ሲታሰብ፣ ለውሻው የሚታሰብ ነገር እምብዛም የለም። የሚበላው የተረፈውንና የተጣለውን ነው። ቡችላ ለማልመድ ወይም ታማኝ ውሻ ለማባበል የሚሰጠውም ቢሆን በእጅ የተገኘው ነው።

በዚህ ጽሑፍ የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ለአባሎቻቸው ሊያስረዱ የሚገባቸውን ሦስት የጉዳት ምንጮችና በቤት ውስጥ በቀላሉ የሚዘጋጅ የውሻ ማባበያ እናቀርባለን። ጉዳዩ የውሻው ጤና ብቻ አይደለም። የበጎችና የልጆች ጤናም ጭምር ነው።

1. ጥሬ ሆድ ዕቃና የበግ ጭንቅላት

በበዓል ሰሞን በየግቢው ስንዘዋወር ዘወትር የምናየው ነገር አለ። በግ ይታረዳል፤ ሳምባው ወይም ጉበቱ ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ሲገኝ «ይህስ ለሰው አይሆንም» ተብሎ ለውሻ ይወረወራል። ትልቁ ስሕተት ይህ ነው።

በከረጢቱ ውስጥ ያለው ኤኪኖኮከስ የተባለ የትል ዕጭ ነው። ውሻው ይህን ጥሬውን ሲበላ ዕጩ በአንጀቱ ውስጥ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ ትል ይሆናል። ትሉ እንቁላል ይጥላል፤ እንቁላሉም ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ በግጦሹ፣ በውኃውና በውሻው ጠጉር ላይ ይቀራል። በግ ከሣሩ ጋር ይበላዋል። ውሻውን ሲዳብስ የዋለ ልጅም እጁን ሳይታጠብ እንጀራ ሲቆርስ ይውጠዋል። ከዚያም በልጁ ጉበት ወይም ሳምባ ውስጥ ያው ከረጢት ቀስ በቀስ ያድጋል። ሕመሙ እስኪታወቅ ብዙ ዓመት ሊወስድ ይችላል፤ ሕክምናውም ብዙ ጊዜ ቀዶ ጥገና ይጠይቃል። ትሉን የያዘው ውሻ ግን ደኅና መስሎ ስለሚታይ ማንም አይጠረጥረውም። ሰው ጥሬ የከብት ሥጋ በመብላት የሚይዘው ኮሶ ከዚህ የተለየ መሆኑንም ማስረዳት ያስፈልጋል።

በበጎች ላይ የሚታየው አዙሪትም በተመሳሳይ መንገድ ይመጣል። የታመመ በግ ራሱን አዘንብሎ በአንድ ቦታ የሚዞረው፣ የሌላ የውሻ ትል ዕጭ በአንጎሉ ውስጥ ከረጢት ስለሠራ ነው። ጭንቅላቱ ለውሻ ሲጣል በሽታው ወደ መንጋው ተመልሶ ይገባል።

መከላከል እንደሚቻል አይስላንድ ምስክር ናት። ሃራልድ ክራቤ የተባለ የዴንማርክ ሐኪም በ1863 እ.ኤ.አ. ወደዚያ ሄዶ 100 ውሾችን ሲመረምር በ28ቱ ላይ ኤኪኖኮከስን አገኘ። ከዚያ በኋላ የበሽታውን መንገድ የሚያስረዳ ትንሽ መጽሐፍ ለሕዝቡ ታደለ፤ የታመመ ሆድ ዕቃን ማስወገድና ለውሾች የትል መድኃኒት መስጠትም በሕግ ታዘዘ። በሽታው ከጊዜ በኋላ ከአገሪቱ ጠፋ።

2. ከሰው ገበታ የሚተርፍ

ለሰው የሚስማማ ሁሉ ለውሻ አይስማማም። በተለይ የሚከተሉትን መከልከል ያስፈልጋል።

ሀ) ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት። የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳሉ። ለውሻው ክብደት በእያንዳንዱ ኪሎ ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት መብላት ለጉዳት ይበቃል። ይኸውም ለ10 ኪሎ ውሻ 150 ግራም፣ ማለትም ሁለት መካከለኛ ራስ ሽንኩርት ገደማ ነው። መቀቀልም ሆነ ማቁላላት መርዙን አያጠፋውም። ወጣችን በሽንኩርት የሚሠራ በመሆኑ የወጥ ትራፊ በየዕለቱ መስጠት አይገባም። ድዱ የነጣ፣ ሽንቱ የቀላና የደከመ ውሻ ሲታይ ይህን መጠርጠር ነው።

ለ) የተቀቀለ ወይም የተጠበሰ አጥንት። ተሰንጥቆ ጉሮሮንና አንጀትን ይወጋል። የዶሮ አጥንት በተለይ አደገኛ ነው።

ሐ) ያልተጋገረ ሊጥና የጠላ አተላ። ሊጡ በጨጓራ ውስጥ ይነፋል፤ አልኮልም ያወጣል። በአተላውም አልኮል አለ።

መ) የቡና አተላ፣ ቸኮላት፣ ወይንና ዘቢብ። ቡናና ቸኮላት ልብንና ነርቭን፣ ወይንና ዘቢብ ኩላሊትን ይጎዳሉ።

ሠ) ዛይሊቶል የተባለው ማጣፈጫ። ስኳር በሌላቸው ማስቲካዎችና በአንዳንድ የታሸገ የለውዝ ቅቤ ውስጥ ይገኛል። ለ10 ኪሎ ውሻ 1 ግራም እንኳ የደሙን ስኳር በድንገት ሊያወርደው ይችላል።

3. የሻገተ እህል

«ለሰው ካልሆነ ለውሻ ይሁን» እየተባለ የሻገተ በቆሎና ለውዝ ይሰጣል። በሻጋታው ውስጥ አፍላቶክሲን የተባለ ጉበትን የሚያበላሽ መርዝ ሊኖር ይችላል። መርዙ በመቀቀልም ሆነ በመጋገር አይጠፋም። በ1960 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎች ያለቁት በዚህ መርዝ የተበከለ የለውዝ ፋጉሎ ያለበት መኖ በልተው ነው። ውሻም ከዚህ ጉዳት አያመልጥም። ስለዚህ የሻገተ እህል ለማንኛውም እንስሳ አይሰጥም።

4. የማባበያ አዘገጃጀት

ሻጋታ የሌለበት የስንዴ ወይም የገብስ ዱቄት 4 ብርጭቆ፣ አጥንቱ የወጣለት በደንብ የበሰለና የደቀቀ ሥጋ 1 ብርጭቆ፣ እንቁላል 1፣ ተቀቅሎ የተፈጨ ዱባ ወይም ካሮት ግማሽ ብርጭቆ ይዘጋጃል። ጨው፣ በርበሬ፣ ሽንኩርትና እርሾ አይገባም። በጥቂት ውኃ ጠንከር ተደርጎ ይለወሳል፤ በስሱ ተዳምጦ በትንንሹ ይቆረጣል። በመለስተኛ እሳት በምጣድ ላይ እየተገላበጠ እስኪደርቅ ይበስላል። ቀዝቅዞ በደረቅ ዕቃ ይቀመጣል፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቢያልቅ ይመረጣል።

ማባበያ ዋና ምግብ አይደለም። ከዕለቱ ምግብ ከአሥር እጅ አንዱን ማለፍ የለበትም። ለ20 ኪሎ ውሻ በቀን 25 ግራም ያህል ይበቃዋል።

5. ማኅበራት ምን ያድርጉ?

እርድ በአንድ በታጠረ ቦታ ቢሆንና ውሾች ባይደርሱበት መልካም ነው። ከረጢት የታየበት ሆድ ዕቃና የአዙሪት በግ ጭንቅላት ይቃጠላል፤ ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ይቀበራል። ለውሻ የሚሰጥ ደኅና ሆድ ዕቃ በትንንሹ ተቆርጦ፣ ውኃው ከፈላ በኋላ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ መቀቀል አለበት። የአባላት ውሾች በአንድነት ተቆጥረው፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያ በሚወስነው ጊዜና መጠን የትል መድኃኒት እንዲወስዱ ይደረግ። የአንዱ ጎረቤት ውሻ ከቀረ የሌላው ድካም ከንቱ ነው። መርዝ የበላ ውሻ ሲያጋጥም ወተት መጋት መድኃኒት አይደለም፤ የበላውን ነገር ናሙና ይዞ ወደ ባለሙያው መሄድ ይሻላል።

የልማት ሠራተኛው ይህን ትምህርት ከበዓል በፊት፣ እርድ ሳይጀመር ቢሰጥ ይመረጣል። በተለይ ሥጋ የሚያወራርዱትን፣ ወጥ ቤት የሚውሉትን እናቶችና ከውሻ ጋር የሚጫወቱትን ልጆች አይርሳ። ልጆቹ ከመብላታቸው በፊት እጃቸውን እንዲታጠቡ ማስለመድ ወጪ የለውም። ሆድ ዕቃውን ቀቅሎ መስጠትም አንድ ድስት ውኃና ጥቂት ማገዶ ከመሆን አያልፍም።