ያውቁ ኖሯል? ከመስኮት መስታወት እስከ መዝገብ ቤት

ሕፃንን በተዘጋ መስኮት በኩል ፀሐይ ማሞቅ ለአጥንቱ እንደማይጠቅም ያውቁ ኖሯል? ብርሃኑ ይገባል፣ ሙቀቱም ይሰማል። ቆዳ ቫይታሚን ዲ የሚሠራበትን አልትራቫዮሌት ቢ የተባለ ጨረር ግን ተራው የመስኮት መስታወት ከሞላ ጎደል ያስቀረዋል። ለእኛ ጥርት ያለው መስታወት ለዚያ ጨረር ግድግዳ ነው። ብርዱ ያስፈራት እናት መጋረጃውን ገልጣ መስኮቱ ሥር ከምታስተኛው፣ ነፋስ የማያገኘው ጥግ ፈልጋ ደጅ ብታወጣው ይሻላል።

ተገላቢጦሹም አለ። ጀርማኒየም ሲያዩት እንደ ብረት የሚያብለጨልጭ ግራጫ ነገር ነው፤ በእሱ አሻግሮ ማየት አይታሰብም። ኢንፍራሬድ ጨረር ግን ሰተት ብሎ ያልፍበታል፤ ስለዚህም የሙቀት ካሜራ ሌንስ ይሠራበታል። የብዙ ቴሌቪዥን ሪሞቶች ግንባር ላይ ያለው ጥቁር ፕላስቲክም ጥቁርነቱ ለዓይናችን ብቻ ነው፤ የሪሞቱን ጨረር አያግድም። ራጅ ክፍል ውስጥ ደግሞ ባለሙያው ከኋላው ቆሞ ታካሚውን የሚያይበት መስታወት፣ እርሳስ የተባለው ከባድ ብረት የተቀላቀለበት ነው፤ ብርሃኑን ያሳልፋል፣ ራጁን ይይዛል።

አጽናፈ ዓለም ራሱ በመጀመሪያዎቹ 380,000 ዓመታት ገደማ ብርሃን የማያሳልፍ እንደነበረስ? ልቅ ኤሌክትሮኖች ብርሃኑን በየአቅጣጫው ይበትኑት ነበር። ሙቀቱ በርዶ ኤሌክትሮኖቹ አተም ውስጥ ሲሰበሰቡ መንገዱ ተከፈተ። ተመራማሪዎቹ አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን በ1964 (በዚህ ዓምድ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአንቴናቸው የያዙት፣ ከየትም አቅጣጫ የማይጠፋው የሬዲዮ ሽውታ የዚያ ብርሃን ቅሪት ነው።

ጥርት ማለት ለመደበቂያ እንደሚያገለግል ያውቁ ኖሯል? የሶቪየቱ ማርሻል ጆርጂ ዡኮቭ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኮካ ኮላ ወደደ። ችግሩ የስታሊን ጦር አዛዥ የአሜሪካን ካፒታሊዝም ምልክት ጨብጦ ሊታይ አለመቻሉ ነበር። ጥያቄው በአሜሪካ ሹማምንት በኩል ኩባንያው ዘንድ ደረሰና፣ ቀለሙ የወጣለት ኮካ ኮላ በቀጥ ያለ ጥርት ጠርሙስ፣ ነጭ ቆርኪው ላይ ቀይ ኮከብ ታትሞበት ተላከለት። ላየው ሁሉ ቮድካ ነው። በውሃ ብርጭቆ አረቄ ሲጠጡ የኖሩ የእኛ ሰዎች ይህን ብልሃት ለማወቅ ማርሻል መሆን አላስፈለጋቸውም።

የወሎ ኦፓል ውሃ ሲጠጣ እንደሚጠራ፣ ሲደርቅ ደግሞ ወደ ነበረበት እንደሚመለስ ያውቁ ኖሯል? በደላንታ ወረዳ ወገል ጤና አካባቢ በ2008 የተገኘው ኦፓል ብዙው በሙያው ቋንቋ ሃይድሮፌን የሚባል ዓይነት ነው፤ ድንጋዩ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ሲዘፈዘፍ አየሩ ይወጣና ውሃ ይተካበታል። ያኔ ድብዝዝ የነበረው አካሉ ወለል ብሎ ይጠራል፤ ዋጋ የሚያወጣለት የቀለም ጨዋታው ግን ብዙ ጊዜ ይደበዝዛል። ነገሩ ምትሃት አይደለም። ብርሃን ከአንድ ነገር ወደ ሌላ ሲሻገር ፍጥነቱ ይለወጣል፤ የሁለቱ ነገሮች ፍጥነት በተራራቀ ቁጥር ብርሃኑ እየታጠፈና እየተበተነ ይቀራል። ድንጋይና አየር በዚህ ረገድ ይራራቃሉ፤ ድንጋይና ውሃ ይቀራረባሉ። ሳምቡሳ የተጠቀለለበት ወረቀት ዘይት በጠጣበት ቦታ ከሥሩ ያለውን የሚያሳየው በዚሁ ሕግ ነው። እግረ መንገድዎን ይህንንም ይያዙ፤ ውሃ የጠጣ ኦፓል ክብደትም ይጨምራል። ጥሬ ድንጋይ በሚዛን የሚገዛ ሰው ደረቅ መሆኑን ሳያረጋግጥ ብሩን ቢቆጥር፣ የከፈለው ለውሃም ጭምር ነው።

በ2024 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ ሕግ በሕይወት ያለ አይጥ ላይ ሞከሩት። ታርትራዚን የተባለውን፣ ለስላሳ መጠጥና ብስኩት ቢጫ የሚያደርገውን የምግብ ቀለም በውሃ በጥብጠው የአይጡን ቆዳ ቀቡት። ቀለሙ በቆዳው ውስጥ ያለውን ውሃ በብርሃን ፍጥነት ረገድ ከስቡና ከፕሮቲኑ ጋር አቀራረበው። በሆዱ በኩል አንጀቱ ሲንቀሳቀስ፣ በራስ ቅሉ ላይ የደም ሥሮቹ በዓይን ታዩ። ሲታጠብ ቆዳው እንደ ነበረው ሆነ። ሊቀባ ያማረዎት ካለ ይታገሡ፤ የሰው ቆዳ ከአይጥ ቆዳ በጣም ይወፍራል፣ ሰው ላይም ያኔ አልተሞከረም።

እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ በ1897 ባሳተመው ልብ ወለድ የማይታየውን ሰው የፈጠረው ከዚህ በማይርቅ ሐሳብ ነበር፤ አካልን በብርሃን ፊት ከአየር ጋር ማመሳሰል። አንድ ጣጣ ግን አለ። ሙሉ በሙሉ የማይታይ ሰው ዕውር ይሆናል። ለማየት ሬቲና ብርሃኑን መያዝ አለበት፤ ሁሉን የሚያሳልፍ ዓይን ምንም አያስቀርም።

ደም መደበቅ ይቻላል? በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ ደኖች የምትኖረው የመስታወት እንቁራሪት ትችላለች። ቀን ቅጠል ላይ ስትተኛ ከቀይ የደም ሕዋሶቿ 89 በመቶ ያህሉን ጉበቷ ውስጥ ትከትታለች፤ ጉበቷም ብርሃን በሚያንጸባርቅ ሽፋን የተሸፈነ ነው። ያኔ አካሏ ከነቃችበት ሰዓት ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ የበለጠ ይጠራል። በ2022 ይፋ የሆነ ግኝት ነው። ሐኪሞችን ያስገረማቸው መጥራቷ ብቻ አይደለም፤ ያን ሁሉ የደም ሕዋስ አንድ ቦታ አጭቃ አለመርጋቱ ነው።

የእኛም ኮርኒያ ደም ሥር የለውም፤ ኦክስጅኑን በአብዛኛው በእንባ በኩል ከአየር ይስባል። ከኋላው ያለው ሌንስ የባሰ ነው፤ ሕዋሶቹ ለመጥራት ሲሉ ኒውክሊየሳቸውን ሳይቀር አራግፈው በፕሮቲን ይሞላሉ። ያ ፕሮቲን ከዕድሜ ጋር ሲጓጉል የዓይን ሞራ ይሆናል፤ በዓለም ላይ ከዓይነ ስውርነት መንስኤዎች ቀዳሚው ነው። ታዲያ ሞራው ሲወጣ የሚተካው ሰው ሠራሽ ሌንስ መነሻው የጦር አውሮፕላን መሆኑን ያውቁ ኖሯል? እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቆሰሉ አብራሪዎችን ሲያክም፣ ከአውሮፕላኑ መስኮት ተሰብሮ ዓይናቸው ውስጥ የቀረው የአክሪሊክ ስባሪ ዓይኑን ሳያስቆጣ ተቀምጦ አገኘ። በ1949 ለንደን ውስጥ ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ የተሠራ ሌንስ በታካሚ ዓይን አኖረ። የሙያ ባልደረቦቹ ዓይን ውስጥ ባዕድ ነገር ይጨምራል ብለው ለዓመታት ተቃወሙት፤ የሰርነት ማዕረግ ያገኘው በ2000፣ አርጅቶ ነው።

ወደ ሣጥን እንሂድ። በ1856 ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ ሥውር ወለል ያለው የምርጫ ሣጥን ተያዘ፤ ድምፅ መስጠቱ ሳይጀመር የሐሰት ወረቀት ይታጨቅበት ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ ኒው ዮርክ ላይ ሳሙኤል ጆሊ የተባለ ሰው ድቡልቡል የመስታወት ምርጫ ሣጥን ሠርቶ የፈጠራ መብት አወጣ። የሚገርመው፣ አሜሪካኖች ሣጥኑን ሲገልጡ ወረቀቱን ገና አልሸፈኑም ነበር። ፓርቲዎች በየራሳቸው ያተሙትን ወረቀት መራጩ በሰው ፊት ስለሚከት፣ አሠሪውም ጉልበተኛውም ማንን እንደመረጠ ያይ ነበር። መራጩን ከዕይታ መሸሸግ የጀመሩት በዚያው በ1856 የአውስትራሊያዎቹ ቪክቶሪያና ሳውዝ አውስትራሊያ ናቸው። ዛሬ በብዙ አገር የሚታየው የሁለቱ ጥምር ነው፤ ሣጥኑ ይታያል፣ ወረቀቱ ታጥፎ ይገባል። አንዱ ከጎደለ ሌላው አያድንም።

ጋዜጣ ላይ የሚወጣውን የጨረታ ማስታወቂያ ልብ ብለው ያንብቡ፤ ያው አሠራር ነው። ሰነዱ በሰም በታሸገ ፖስታ ይገባል፤ ተጫራቾች ወይም ሕጋዊ ወኪሎቻቸው በተገኙበት ይከፈታል። ዕቁብም እንዲሁ ነው፤ ዕጣው ተጠቅልሎ ይቀላቀላል፣ አባላቱ እያዩ ይወጣል። መሥሪያ ቤቱ ጨረታውን በሙሉም ሆነ በከፊል የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው የምትለዋ የመጨረሻ መስመር ግን ከፖስታው ይልቅ የታሸገች ትመስለኛለች።

የጀርመን ምክር ቤት በሚሰበሰብበት የበርሊኑ ራይሽስታግ ሕንፃ ላይ አርክቴክቱ ኖርማን ፎስተር ያቆመው የመስታወት ጉልላት በ1999 ሲከፈት፣ ሐሳቡ ሕዝቡ ከተወካዮቹ ራስ በላይ እየተራመደ ቁልቁል እንዲያያቸው ነበር። ያምራል። አብዛኛው የኮሚቴ ሥራ ግን ለረጅም ዘመን በዝግ በር ሲካሄድ ኖሯል። በመስታወት ቤት መኖር ምን እንደሚመስል ያወቁት ዶክተር ኢዲት ፋርንስዎርዝ ነበሩ፤ በኢሊኖይ ሚስ ቫን ደር ሮኸ የሠራላቸው፣ በ1951 የተጠናቀቀው ቤት አራቱም ግድግዳው መስታወት ነበር። ከአርክቴክቱ ጋር በወጪው ፍርድ ቤት ተካሰሱ፤ ከውጭ እየታዩ መኖሩም እንዳስመረራቸው በይፋ ተናግረዋል።

ለኮምፒውተር መሐንዲስ ግልጽ ሥርዓት ማለት ተጠቃሚው መኖሩን እንኳ የማያውቀው ሥርዓት ነው። ለኦዲተር ይህን ቢነግሩት ይደነግጣል።

የመንግሥትን ሰነድ የማየት መብት በሕግ የተደነገገው መጀመሪያ በስዊድን፣ በ1766 መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ከገፋፉት ዋነኛው አንደርስ ኪደኒዩስ የተባለ፣ ያኔ የስዊድን ግዛት ከነበረችው ፊንላንድ የመጣ የገጠር ቄስ ነበር። አጋጣሚ ሆኖ ከ220 ዓመት በኋላ የሌላ አገር ምስጢር የወጣውም በስዊድን በኩል ነው። የቼርኖቤል ኑክሌር ጣቢያ ኤፕሪል 26 ቀን 1986 ሲፈነዳ ሞስኮ ዝም አለች። ሁለት ቀን ቆይቶ ከሺሕ ኪሎ ሜትር በላይ በሚርቀው የስዊድኑ ፎርስማርክ ጣቢያ የአንድ ሠራተኛ ጫማ የጨረር መቆጣጠሪያውን አስጮኸ። ስዊድናውያን መጀመሪያ የራሳቸውን ጣቢያ ጠረጠሩ፤ ከዚያ ነፋሱ የመጣበትን አቅጣጫ አዩ። ሞስኮ አጭር መግለጫ ያነበበችው የዚያኑ ዕለት ማታ ነው። የሶቪየቱ መሪ ሚኻይል ጎርባቾቭ ግላስኖስትን፣ ማለትም ግልጽነትን፣ መፈክር ያደረጉበት ዓመት መሆኑ ነው እንግዲህ።

በኡጋንዳ በ1990ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተማሪ ቁጥር ከሚመድበው ገንዘብ በአማካይ ትምህርት ቤቱ የሚደርሰው 13 በመቶ ያህል ብቻ እንደነበር ሪትቫ ሪኒካና ያኮብ ስቬንሰን የተባሉ ኢኮኖሚስቶች አረጋገጡ። ከዚያ በኋላ መንግሥት የሚላከውን ገንዘብ በየወሩ በጋዜጣ ማተም ጀመረ፤ በ2001 የሚደርሰው ድርሻ ከ80 በመቶ በላይ ሆነ። ለውጡ የጋዜጣው ብቻ ነው ወይስ የሌሎች ማሻሻያዎችም ጭምር? ምሁራን ዛሬም ይከራከራሉ። ለእኔ የሚታየኝ ግን፣ ገንዘቡ ወጣ የሚለውን ወሬ ርዕሰ መምህሩ መጀመሪያ ማወቁ ነው፤ ያላወቀውን አይጠይቅም።

ትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል የተባለውን ፀረ ሙስና ድርጅት በ1993 በርሊን ላይ የመሠረቱት ፔተር አይገን ከዚያ በፊት የዓለም ባንክ የምሥራቅ አፍሪካ ኃላፊ ሆነው ናይሮቢ ተቀምጠው ነበር። ድርጅቱ በየዓመቱ የሚያወጣው የአገሮች የሙስና ደረጃ የተሰረቀውን ገንዘብ አይቆጥርም፤ የባለሙያዎችንና የነጋዴዎችን ግምት ነው የሚለካው።

ኖርዌይ ውስጥ ማን ምን ያህል ገቢ እንዳለውና ግብር እንደከፈለ ማንም ማየት ይችላል። ከ2014 ጀምሮ ግን የታየውም ሰው ማን እንዳየው ማወቅ ቻለ። ፍለጋው ወዲያው አሽቆለቆለ። የጎረቤትን ደመወዝ ማወቅ የሚያጓጓው ጎረቤት እስካላወቀ ድረስ ነው።

በእኛስ? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት ሥራ ለሕዝብ ግልጽ ሆኖ እንዲከናወን ያዛል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ማንኛውም ሰው ከመንግሥት ተቋም መረጃ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ የዚህን ሕግ የሚዲያ ክፍል ሲተካ የመረጃ ነፃነቱን ክፍል አልነካውም። ተቋሙ በመርሕ ደረጃ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት፣ ከከለከለም ምክንያቱን መግለጽ አለበት። አቤቱታ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ሊቀርብ ይችላል። ጥያቄው በቃልም ሊቀርብ ይችላል፤ እርስዎ ግን በጽሑፍ ያድርጉት፣ ግልባጩ ላይ ማኅተምና የገቢ ቀን ሳያስመቱም ከመዝገብ ቤቱ አይውጡ።