የተቀዳ ድምፅ፣ የተረሳ ባለቤት

ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን በሚያልፈው ጎዳና ላይ የምትገኘው ይፋግ፣ በነገሥታቱ ዘመን ነጋዴው አሞሌውን ጭኖ የሚወርድባት የታወቀች ገበያ ነበረች፤ ዛሬ ግን እንደ ብዙዎቹ ትናንሽ ከተሞቻችን የማታው ሰው የሚሰበሰበው የእንግሊዝ ኳስ በሚታይበት ቤት ነው። የቤቱ ባለቤት ለመኖሪያ ቤት ብቻ በተፈቀደ የዲሽ ካርድ ሕዝብ አስገብቶ የመግቢያ ዋጋ የተቀበለ እንደ ሆነ ሌባ ይባላል፤ ስሙም ቀላል አይደለም፤ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂና የተዛማጅ መብቶችን ሆን ብሎ የጣሰውን ከ5 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣልና።

ሰውየው ንጹሕ ነው አልልም። ነገር ግን ከሳሹ ማን እንደ ሆነ፣ ሀብቱንም ከምን እንዳከማቸ መመርመር ይገባል። የአሜሪካ የኬብል ቴሌቪዥን ነጋዴዎች እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ሥራቸውን የጀመሩት፣ ተራራ በጋረዳቸው ከተሞች ረጅም አንቴና አቁመው የሌላውን ጣቢያ ሥርጭት ከአየር እየቀዱ፣ በሽቦም ለየቤቱ እያደረሱ ወርኃዊ ዋጋ በመቀበል ነው፤ የፊልም ባለመብቶች በከሰሷቸው ጊዜም ተመልካቹ አጥርቶ እንዲያይ ከመርዳት በቀር ያደረግነው የለም ብለው ተሟገቱ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1968 ፈረደላቸው። እንዲከፍሉ ያስገደዳቸው የ1976ቱ ሕግ ነው። በ1984 ደግሞ፣ ከእነርሱ ሽቦ ሳይከፍል የሚቀዳውን ጎረቤት የሚያስቀጣ ሕግ ወጣላቸው።

መቅዳት በጠባዩ ነውር አይደለም፤ በጋይንት ቤተ ልሔም የሚማር ደቀ መዝሙር ድጓውን ከፊደሉ እስከ ምልክቱ ይገለብጣል፤ የያሬድን ስም ግን አይፍቅም።

በእኛም አገር ሙዚቀኞቹ በካሴት ቅጂ ተማርረው በ1995 ዓ.ም. አዲስ ሥራ ማውጣት አቁመው ነበር። በማግሥቱ ዓመት የወጣው አዋጅ ለከዋኙና ለድምፅ ሪከርዲንግ አሳታሚው 50 ዓመት፣ ለብሮድካስት ድርጅቱ ሥርጭት ደግሞ 20 ዓመት ጥበቃ ሰጠ፤ አዋጅ ቁጥር 872/2007ም የጋራ አስተዳደር ማኅበር ለባለሙያዎቹ ሮያሊቲ እንዲሰበስብ መንገድ ከፈተ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፦ ፕሮግራሜ ተቀዳብኝ ብሎ የሚጮኸው ጣቢያ፣ የጎንደርን አዝማሪ ዜማ ከማለዳ እስከ እኩለ ሌሊት ሲያሰማ፣ ማስታወቂያውንም በዚያው ዜማ መካከል ሲሸጥ፣ የዜማውን ባለቤት አያስታውሰውም፤ ሙዚቀኞቹም ይህንኑ አቤቱታ ዓመታት ሙሉ ሲያሰሙ ኖረዋል።

እንግዲህ የይፋግን ኳስ ቤት ለማሸግ ፖሊስ ከመላኩ አስቀድሞ፣ እያንዳንዱ ጣቢያ በየዕለቱ ያሰማውን ዘፈን ከነባለቤቱ መዝግቦ፣ ገንዘቡንም ይዞ ለማኅበሩ ይቅረብ።