የደሴት ሕዋሳት ንቅለ ተከላ፦ የሚሰጠውና የሚያስከፍለው



ይህን ርእስ ባነሣሁ ቁጥር የሚቀርብልኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ንቅለ ተከላው ፈውስ ነውን?» የዛሬው ገለጻዬ ለዚሁ ጥያቄ መልስ ለመስጠት የታሰበ ነው።

ጀርመናዊው ፓውል ላንገርሃንስ እ.ኤ.አ. በ1869 በቆሽት ውስጥ እንደ ደሴት ተበታትነው የሚገኙ የሕዋሳት ስብስቦችን ገለጸ። ኢንሱሊን የሚያመነጩት ቤታ ሕዋሳት የሚገኙት በእነዚሁ ደሴቶች ውስጥ ነው። በዓይነት አንድ የስኳር ሕመም የሰውነት መከላከያ ሥርዓት የገዛ ቤታ ሕዋሳቱን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያጠፋቸዋል።

የንቅለ ተከላው ሐሳብ እንግዲህ የጠፋውን መተካት ነው። ሕይወቱ ካለፈ ለጋሽ ቆሽት ደሴቶቹ በኢንዛይም ተለይተው ይወጣሉ፤ በቀጭን ቱቦም ወደ ጉበት በሚገባው ደም መልስ ውስጥ ይንቆረቆራሉ። በጉበት ሰፍረው የደሙን ስኳር መጠን እየተከተሉ ኢንሱሊን ያመነጫሉ።

በካናዳ፣ በኤድመንተን ከተማ፣ ጄምስ ሻፒሮና ባልደረቦቹ በ2000 ሰባት ሕሙማን ከኢንሱሊን መርፌ ነጻ መሆናቸውን አስታወቁ። ለዚህ ያበቃቸው ስቴሮይድ የሌለበት የመድኃኒት ቅንብርና ከአንድ በላይ ለጋሽ የተገኙ በቂ ደሴቶች ናቸው። ይሁን እንጂ በኤድመንተን የታከሙ ሕሙማን ከአምስት ዓመት በኋላ ሲታዩ፣ ከመርፌ ነጻ ሆነው የቀሩት ከአሥር አንድ ገደማ ብቻ ነበሩ። ይህን አይታችሁ ሕክምናው ከሸፈ አትበሉ። በአብዛኞቹ ዘንድ ደሴቶቹ ጥቂትም ቢሆን ኢንሱሊን ማመንጨታቸውን አላቋረጡም፤ ያም ጥቂት መጠን ከአደገኛው የስኳር መውረድ ይጠብቃል።

ዋጋው ግን ከባድ ነው። ታካሚው የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ሳያቋርጥ ይወስዳል። መድኃኒቱ ኩላሊትን ሊጎዳ፣ ተዳፍኖ የቆየ የሳንባ ነቀርሳንም ሊቀሰቅስ ይችላል። በኢንሱሊን ስኳሩ በደኅና ለሚጠበቅ ልጅ ይህ ልውውጥ አያዋጣም። ስኳሩ ያለ ማስጠንቀቂያ እየወረደ ራሱን ለሚስት ጎልማሳ ግን ሕይወት አድን ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም በ2023 ሕክምናውን የፈቀደው እንዲህ ላሉት ዓዋቂዎች ነው።

በ2025 ደግሞ ከግንደ ሕዋስ የተሠሩ ደሴቶችን ሙሉ መጠን ከወሰዱ 12 ሰዎች መካከል 10ሩ ከአንድ ዓመት በኋላ ኢንሱሊን እንደማያስፈልጋቸው ተዘግቧል። ይህ የለጋሽን እጥረት ሊያቃልል ይችላል፤ መከላከያን የሚያዳክመው መድኃኒት ግን አልቀረም።

ስለዚህ መልሴ ይህ ነው፦ ንቅለ ተከላው ለተመረጡ ሕሙማን ታላቅ እፎይታ ነው። «ፈውስ» ለማለት የምንደፍረው መከላከያውን ሳናዳክም ሕዋሱን መተካት የቻልን ዕለት ነው።