ለጠመንጃ የሚያስጨንቅ ጉርሻ አያምርም

አሜሪካ ያሉ ልጆቻችን ስለ ልጆቻቸው ሲያጫውቱን ወሬው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ትምህርት፣ ስለ ኳስና ስለ ጥርስ ሐኪም ነው። አንዳንዴ ግን አያትን የሚያስደነግጥ ወሬ ይመጣል፦ «ስካውት ገብቶ በአፈሙዙ የሚጎርስ የድሮ ጠመንጃ መተኮስ እየተማረ ነው»። ይህ ቀልድ አይደለም። የአሜሪካ ስካውቶች በጠመንጃ ተኩስ ለሚሰጡት የብቃት ምልክት ከተዘጋጁት አማራጮች አንዱ ይኸው ጠመንጃ ነው። በፔንሲልቫኒያ ግዛት ደግሞ ከፈረንጆች ገና ማግስት የሚጀምር፣ በባልጩት በሚቀጣጠል የድሮ ጠመንጃ ብቻ የሚታደንበት ወቅት አለ።

ተኩስ የማያውቅ አያት ዝም ማለት የለበትም። ቁስል ሲታከም ለኖረ ሰው እንደሚታየኝ፣ የዚህ ጠመንጃ አደጋ በአብዛኛው የሚጀምረው ከመተኮሱ በፊት፣ ሲጎርስ ነው። ስለ አጎራረሱ ጥቂት ማወቅ ደግሞ አይከብድም።

አጎራረሱ እንዴት ነው?

አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመውን የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ ያየ ሰው ነገሩን ግማሽ ያውቀዋል፤ የሚገባው ሁሉ የሚገባው ከፊት፣ በአፉ ነው። ጠመንጃውም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ተሰፍሮ ጥቁር ባሩድ ይጨመራል። ቀጥሎ ቅባት የነካ ቁራጭ ጨርቅ አፈሙዙ ላይ ይነጠፍና ከእርሳስ የተሠራች ድቡልቡል አረር ትቀመጥበታለች። ከዚያ ሁለቱም በዘንግ እየተገፉ ባሩዱ ላይ እስኪያርፉ ይወርዳሉ።

ጨርቁ ለምን አስፈለገ? በጠመንጃው ቱቦ የውስጥ ግድግዳ ላይ የተጠማዘዙ ቦዮች ተቀርጸዋል። አረሯ እየተሽከረከረች ቀጥ ብላ እንድትሄድ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። አረሯ ግን ከቱቦው አነስ ስለምትል ቦዮቹን የሚይዘው ጨርቁ ነው። የባሩዱ ጋዝ በጎን እንዳያመልጥም ይደፍናል። በ18ኛው መቶ ዘመን በፔንሲልቫኒያ፣ ላንካስተር አካባቢ የሰፈሩ ጀርመናውያን ባለሙያዎች ይሠሯቸው የነበሩት ረጃጅም የአደን ጠመንጃዎች በዚሁ መንገድ ነበር የሚጎርሱት።

ድምሩ አንድ፣ ጉልበቱ ሌላ

የቱቦው ስፋት 12.7 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ለዚህ የተለመደው 12.4 ሚሊ ሜትር የሆነች አረርና 0.4 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ጨርቅ ነው። ጨርቁ በሁለት ወገን ስለሚቆጠር ድምሩ 13.2 ይሆናል። ትርፉ ተጨምቆ ቦዮቹን ይሞላል። አሁን አረሯን ወደ 12.2 ዝቅ፣ ጨርቁን ወደ 0.5 ከፍ እናድርግ። ድምሩ ያው 13.2 ነው። ልዩነቱ፣ ቦታውን ከሚሞላው ውስጥ የሚበዛው አሁን የሚጨመቀው ጨርቅ እንጂ እርሳሱ አለመሆኑ ነው። ስለዚህ ዘንጉን ለመግፋት የሚያስፈልገው ጉልበት ይቀንሳል።

የውድድር ተኳሾች ለኢላማ ብለው ጠበቅ ያለውን ይወዳሉ፤ በትንሽ መዶሻ መትተው የሚያስገቡም አሉ። እኛ ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ያምራል እንላለን። ለጠመንጃ፣ ያውም ልጅ ለሚያጎርሰው ጠመንጃ፣ ይህ አይሠራም። ጥቂት ጊዜ ከተተኮሰ በኋላ የባሩዱ ጥላሸት ቱቦውን ስለሚያጠበው፣ ጠዋት በቀላሉ የገባው አረር ከሰዓት በኋላ መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል።

ግፊያው የሚያመጣው ጉዳት

ያልወርድ ያለውን አረር በጉልበት የሚገፋ ሰው እጁና ፊቱ አፈሙዙ አጠገብ ናቸው። የእንጨት ዘንግ ከተሰበረ ስንጥሩ መዳፍ ይበሳል። ከዚህ የሚብሰው አረሯ ግማሽ መንገድ ላይ ቀርታ ሲተኮስ ነው። በባሩዱና በአረሯ መካከል ክፍተት ካለ ቱቦው ሊያብጥ ወይም ሊፈነዳ ይችላል። በነርስነት ሥራ በታማሚ አካል ውስጥ ቱቦ ስናስገባ ከምንማራቸው ነገሮች አንዱ፣ እንቢ ሲል አለመግፋት ነው። እዚህም ያው ነው። እንቢ ካለ ይቆማል፤ አሠልጣኝ ይጠራል።

ግን አረሯን ማሳነስ ብቻውን መፍትሔ አይደለም። ጨርቁ ስስ ሆኖ አረሯ ከላላች፣ አፈሙዙ ወደ ታች ሲዘነብል ከባሩዱ ላይ ተንሸራትታ ያንኑ አደገኛ ክፍተት ልትፈጥር ትችላለች። አረሯ ስታንስ ጨርቁ መወፈር አለበት።

ልኩ መስማማቱን ጨርቁ ራሱ ይናገራል። ከተተኮሰ በኋላ ጥቂት ሜትር ርቆ ይወድቃል። መሐሉ ጠቁሮ ዳሩ ብቻ ከተተለተለ ደህና ነው። ከተቀደደ ወይም ተቃጥሎ ከተበሳ ልኩ፣ ቅባቱ ወይም የጨርቁ ዓይነት አልተስማማም። እኛ ከቁስል ላይ የተነሣ ፋሻ አይተን ቁስሉን እንደምናነብ ማለት ነው። ጨርቁ ጥቅጥቅ ብሎ የተሸመነ ጥጥ ወይም የተልባ እግር መሆን አለበት፤ ሰው ሠራሹ ይቀልጣል። ተተኩሶ የወደቀው እሳት ሊይዝ ስለሚችል በደረቅ ሣር ላይ አይተውም።

እርሳሱን አትርሱ

የድሮ አዳኞች ቶሎ ለማጉረስ አረር በአፋቸው ይይዙ ነበር። ዛሬ ይህን ማንም ልጅ እንዳያደርገው። እርሳስ መርዝ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያስከትል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። ትንንሽ ልጆች ከዋጡት እርሳስ ወደ ሰውነታቸው የሚገባው ከአዋቂ በ4 ወይም በ5 እጥፍ ይበልጣል። የሚጎዳው በማደግ ላይ ያለውን አእምሮ ነው፤ ምልክቱም ቶሎ አይታይም። ከእናት ወደ ጽንስም ያልፋል። በአሜሪካ ከ2021 ጀምሮ የልጅ ደም በዴሲሊትር 3.5 ማይክሮግራም እርሳስ ከተገኘበት ክትትል ይጀመራል። ምርመራው ቀላል የደም ምርመራ ነው።

ስለዚህ አረር ከነኩ በኋላ ከመብላት በፊት እጅ በውኃና በሳሙና ይታጠባል፤ የእጅ አልኮል እርሳስን አያስወግድም። ጨርቁን በምራቅ የሚያርሱ ተኳሾች አሉ፤ አረር የነካ እጅ ወደ አፍ ስለሚሄድ ለልጅ የተዘጋጀ ቅባት ይሻላል። የተኩስ ልብስ ሕፃን ከመታቀፉ በፊት ይቀየራል። በወጥ ቤትና በማብሰያ ዕቃ እርሳስ ፈጽሞ አይቀለጥም።

በስልክ የሚጠየቁ ጥያቄዎች

• አረሩ በልጁ ጉልበት፣ ያለ መዶሻ ይወርዳል?
• አረሯ ባሩዱ ላይ መድረሷን የሚያሳይ ምልክት ዘንጉ ላይ አለ?
• ዘንጉን የሚይዘው ከአፈሙዙ አጠገብ፣ ስንዝር በስንዝር ነው? ፊቱስ ከአፈሙዙ ዘወር ይላል?
• ባሩዱ ለዚህ ጠመንጃ የተሠራ ነው? የዘመናዊ ጥይት ባሩድ ቱቦውን ሊያፈነዳው ይችላል።
• በየመካከሉ ቱቦው ይጠረጋል?
• ዓይኑና ጆሮው ተሸፍነዋል?
• እጁን የት ይታጠባል?

ልጁ ለሁሉም መልስ ካለው ጥሩ አሠልጣኝ አግኝቷል። ለአንዱ እንኳ መልስ ካጣ፣ ለወላጆቹ ደውሎ መንገር የአያት ሥራ ነው።