ሬሊክ (ፊልም)

ሬሊክ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ የአውስትራሊያ ሥነ ልቦናዊ አስፈሪ ፊልም ነው። ዳይሬክተሯ ናታሊ ኤሪካ ጄምስ ስትሆን ድርሰቱን ከክርስቲያን ዋይት ጋር ጽፋዋለች። 89 ደቂቃ የሚረዝመው ይህ ሥራ የመጀመሪያ ሙሉ ፊልሟ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል ነበር። የእንግሊዝኛው ርዕስ ካለፈ ዘመን የተረፈ ነገር ማለት ነው።

ሐሳቡ የመነጨው ከዳይሬክተሯ ሕይወት ነው። ጃፓን የሚኖሩ አያቷ የአልዛይመር ሕመምተኛ ነበሩ፤ ልትጠይቃቸው ስትሄድ ማን እንደሆነች አላወቋትም። ቀደም ብላ ባለመሄዷ ተጸጽታለች፤ ይህ ጸጸት በፊልሙ ውስጥ ወደ ልጅየዋ ወደ ኬይ ተላልፏል ማለት ይቻላል።

ኤድና (ሮቢን ኔቪን) ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። መጥፋታቸው ሲሰማ ልጃቸው ኬይ (ኤሚሊ ሞርቲመር) እና የልጅ ልጃቸው ሳም (ቤላ ሂትኮት) ወደ ገጠሩ ቤት ይመጣሉ። ቤቱ በማስታወሻ ወረቀቶች ተለጣጥፏል፤ ግድግዳውን ጥቁር ሻጋታ ወርሶታል። ኤድና ከቀናት በኋላ በራሳቸው ጊዜ ይመለሳሉ፤ የት እንደነበሩ ግን አይናገሩም። ደረታቸው ላይ የበለዘ ጥቁር ምልክት ይታያል። ለሳም በፍቅር የሰጧትን ቀለበት፣ ሰረቅሽኝ ብለው ከጣቷ ላይ በኃይል ይነጥቃሉ። ኬይ እናቷን ሜልቦርን ወደሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ልትወስድ ታስባለች፤ ሳም ደግሞ አብሬያቸው ልኑር ትላለች። የሦስቱ ቅያሜ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው።

ጭራቁ ማን እንደሆነ በግልጽ እንዲነገረው የሚጠብቅ ተመልካች ቅር ሊለው ይችላል። በፊልሙ ውስጥ ሕመሙ ራሱ ቤቱን ይመስላል፦ ሳም ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ባለ መተላለፊያ ውስጥ መውጫው ይጠፋባታል፤ ኮርኒሱ ዝቅ፣ ግድግዳው ጠበብ እያለ ይሄዳል። ተመልካቹ በዚህ መንገድ ኤድና በገዛ ቤታቸው ሲጠፉ ምን እንደሚሰማቸው ያያል።

በመጨረሻ ኤድና ሰው መምሰላቸው ይቀራል፤ ልጃቸውንና የልጅ ልጃቸውን ያሳድዳሉ። በሩ ተከፍቶ ለማምለጥ ሲችሉ ኬይ ትመለሳለች። እናቷን አልጋ ላይ አስተኝታ የተላጠውን ቆዳ በዝግታ ትገፍፋለች፤ ከሥሩ የሚወጣውን ጥቁር ገላም አቅፋ አጠገቡ ትተኛለች። ሳም ከእናቷ ጀርባ ጋደም ስትል፣ በኬይ ጀርባ ላይ ትንሽ የበለዘ ጥቁር ምልክት ታያለች።